ሞራና ግራሶ

ኢንስፔክተር ለተጊዮርጊስ ከሰቆጣ ዳርቻ ካለው የአቶ ጓንጉል ወፍጮ ቤት ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም፤ ካቴናው ግን ባለቤት አግኝቷል። ሞተሩን የምታስነሣው ትግስት እጇ ታስሮ በሩ ላይ ቆማለች። የስድስት ወር ልጇ ጎረቤት ጀርባ ላይ ሆና ታለቅሳለች። ባሏ ጂዳ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ሕፃኗ ከእናቷ በቀር ማንም የላትም።

«ማን እሰራት አለህ?» አለችው ፖሊሱን።

ፖሊሱ በአገጩ ወደ ጓንጉል አመለከተ። የለተጊዮርጊስ ደም ፈላ። ባለሀብት በጠቆመው እጅ ላይ ካቴና የሚያጠልቅ ፖሊስ ለጠላትም አይስጥ! ዋጥ አድርጋው ገባች።

የሞተው አያ ቅጣው ነው፤ ይህን ወፍጮ ሃያ ዓመት ሲጠግን የኖረ፣ በልጅነቱ ዜማ የተማረ፣ ጾም የማያፈርስ ሽማግሌ። ከወፍጮው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። የተመታው ማጅራቱን ነው። ሁለት እጁ ሞራ በሞራ ሆኗል፤ አጠገቡም የሞራ ጣሳ ተቀምጧል።

ጓንጉል ሳይጠየቅ ጀመረ። ትናንት ማታ ከደሴ መግባቱን፣ ጠዋት የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሲሮጥ መምጣቱን ተናገረ። እንደሱ አባባል ሽማግሌው ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ሞራ ሲቀባ ትግስት ሳታይ ሞተሩን አስነሣችው፤ ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ መታው፤ ደንግጣ ሞተሩን አጠፋችው።

«የዛሬ ልጅ መች ዙሪያዋን ታያለች፣ ልጄ» አለ።

ለተጊዮርጊስ ይህን ኩሽኔታ ታውቀዋለች። ከሦስት ወር በፊት አሥራ አራት ሴቶች፣ ኩሽኔታው አልቋል፣ ወፍጮው ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ቀን ድንጋዩ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል ብለው በጣት አሻራ የፈረሙበት አቤቱታ እጇ ገብቶ ነበር። አንብባ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ዛሬ ንዴቷ ለጓንጉል ብቻ አልነበረም።

አባቷ ጽጽቃ ውስጥ የወፍጮ መካኒክ ስለነበር ማሽን ማየት ታውቃለች። የሞተሩን የጭስ ቱቦ በመዳፏ ያዘችው፤ ቀዝቃዛ ነው። ቺንጋው ላይ ሌሊቱን የሰፈረው ዱቄት ጣት እንኳ አልነካውም።

ትግስትን ለብቻዋ ወስዳ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሞተሩን አልነካሁም፣ ስመጣ ወድቆ ነው ያገኘሁት አለች። አያ ቅጣው ትናንት ማታ የኩሽኔታውን ድምፅ ሰምቶ፣ አዲስ ካልተገዛ ይህ ወፍጮ አይነሣም፣ ጠዋት ለጓንጉል እነግረዋለሁ ብሏት ነበር።

ቀጥላ እህል መዛኙን ቢያዝንን ጠራችው። ኩሽኔታውን በምን ትቀባላችሁ ስትለው አቀረቀረ። ጓንጉል የማሽን ቅባቱን ግራሶ አልገዛም ስላለ ዓመቱን ሙሉ በሞራ ነበር። በሁዳዴ ቅበላ እሑድ ግን እህል የሚያስፈጩት ሴቶች በጾም ሞራ የነካው ዱቄት አንበላም ብለው ተነሡ። አያ ቅጣው ያን ዕለት በሁሉም ፊት ሞራውን በናፍጣ አጠበው፤ ከከባድ መኪና ሾፌሮች በለመነው ግራሶም ተካው።

ለተጊዮርጊስ ሁሉንም ሰበሰበች፤ ጆንያቸውን ይዘው ውጭ የሚጠብቁትን ሴቶችም አስገባች።

«ሞተሩ ዛሬ አልተነሣም» አለች። «ቱቦው ቀዝቃዛ ነው፤ ዱቄቱም ቺንጋው ላይ እንደተኛ ነው።» ወደ ፖሊሱ ዞረች። «አንተ ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ። አያ ቅጣውን የመታው ቺንጋ አይደለም፤ ከኋላው የቆመ ሰው ነው። ከዚያ ሥራ ላይ ሳለ የሞተ እንዲመስል እጁን ሞራ ቀባው።»

«የሞራውን ጣሳ ሁሉም ያውቀዋል» አለ ጓንጉል። «እሷም፣ መዛኙም።»

ለተጊዮርጊስ መፍቻ አንሥታ የኩሽኔታውን ክዳን ፈታች። ከውስጡ በጣቷ ዛቅ አድርጋ አፍንጫው ሥር ያዘችለት።

«እስቲ ያሽቱት።»

ጓንጉል አሸተተ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄማ ግራሶ ነው። መቼ ቀየረው?»

«በቅበላ ነዋ» አለ ቢያዝን ቀስ ብሎ። «ሁላችንም ነበርን። እርስዎ ብቻ እስከ ትናንት ደሴ ነበሩ።»

«ሰማህ ጓንጉል?» አለች ለተጊዮርጊስ። እርስዎ መባሉ እዚያ ላይ ቀረ። «አያ ቅጣው በሁዳዴ ሞራ እንደማይነካ ትግስት ታውቃለች፣ መዛኙ ቢያዝን ያውቃል፣ እነዚህ ሴቶች ሁሉ ያውቃሉ። ከእነሱ አንዱ ቢገድለው ኖሮ እጁን ግራሶ ይቀባው ነበር። ሞራ የሚቀባው መቀየሩን ያልሰማ ሰው ነው። ጠዋት ኩሽኔታ ካልገዛህ አይነሣም አለህ፣ መታኸው፣ ከዚያ በጥድፊያ ጣሳውን አመጣህ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«በገዛ ወፍጮዬ ላይ አዛዥ ሆነብኝ» አለ ጓንጉል ጣሳውን እያየ።

ካቴናው ከትግስት እጅ ወጥቶ ወደ እሱ ዞረ። ትግስት ልጇን ተቀብላ ጡቷን አጎረሰቻት። ሕፃኗ ዝም አለች። እናቲቱ ግን ምስጋና አላቀረበችም።

«ከአሥራ አራቱ አሻራ አንዱ የኔ ነበር» አለቻት ኢንስፔክተሯን። «ያኔ መጥተው ኩሽኔታውን ቢያስቀይሩት ኖሮ አያ ቅጣው ዛሬ በሕይወት ነበር።»

ለተጊዮርጊስ ጣቷ ላይ የቀረውን ግራሶ የምትጠርግበት ቁራጭ ጨርቅ ፈልጋ ዙሪያዋን አየች። ከሴቶቹ አንዷም አልሰጠቻትም።