የግራ እጅ ስለት

«ሰውዬ! ቢላዬን ሳልከው ወይስ ገደልከው?»

ምግብ አብሳይዋ ቢላውን ጠረጴዛው ላይ ጣል ስታደርገው፣ ቢላ ሞራጁ የሚሽከረከረውን መሳያ ድንጋይ አቆመ። በየሆቴሉ ኩሽና እጁ የተመሰገነ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነበር።

«ምን ሆነ እህቴ?»

«ቀጥ አድርጌ ስቆርጥ ወደ ጎን ይሸሽብኛል!»

ለምሳው ከያዘው ቲማቲም አንዱን አቀበላት። «እስኪ ቁረጪ።»

ቢላውን በግራ እጇ አነሳችው። ሳቁ አመለጠው።

«ግራኝ ነሽ እንዴ?»

«ብሆንስ? ነውር ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ጥፋቱ የኔ ነው፤ መጠየቅ ነበረብኝ።» ስለቱን ወደ ብርሃን አዞረላት። «አየሽ፣ ብረቱ ወደ ስለቱ ሲወርድ የሚዘቀዝቀውን እኛ ተዳፋት እንለዋለን። ተዳፋቱ በሁለቱም ጎን የሆነ ቢላ ለማንም እጅ ይሆናል። ያንቺ ግን ባንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ሌላው ልሙጥ ነው። ሲቆርጥ ወደ ልሙጡ ጎን ይሸሻል። ይሄ ደግሞ ለቀኝ እጅ የተሳለ ነው።»

በሳምንቱ ተዳፋቱን በግራ በኩል አውጥቶ አዲስ ቢላ ሠራላት።

«ካንቺ በቀር ማንም እንዳይዘው። ሌላውን ሰው ይቆርጠዋል። ንገሪያቸው፣ እሺ?»

«እሺ...» አለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

ስድስት ወር በፍቅር ከነፉ። ሊጋቡም ተስማሙ። ስለ ቢላው ግን ዛሬ ነገ ስትል ለማንም ሳትናገር ቀረች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ግርግር፣ የኩሽናው አለቃ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ያገኘውን ቢላ ብድግ አደረገ። የሷ ነበር። ሸሸበት፤ በጉልበት ሊመልሰው ሲል አዳለጠውና የግራ እጁን ጅማት በጠሰው። ሁለቱ ጣቶቹ ዳግም እንደማይታጠፉ ሐኪሙ ነገረው።

«ማነው እንዲህ አጣሞ የሳለው?» ብሎ ጮኸ።

ፈራች። «ሞራጁ ነው፣ ጋሼ» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ወሬው ከኩሽና ኩሽና ዞረ። ለሞራጁ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። ወንድሟ በሰው ፊት ሲሰድበው አንገቱን ደፋ። «አስጠንቅቄያታለሁ» ማለት ይችል ነበር... አላለም። የእንጀራ በሯ እንዳይዘጋ ፈራላት። እሷ ደግሞ የሞራጁን ፊት ማየት አቅቷት ሦስት ወር ሙሉ ወደ እሱ ሳትሄድ ቀረች።

አንድ ጠዋት ለወንድሟ የሸሚዙን ቁልፍ ስትቆልፍለት የማይታጠፉትን ጣቶቹን አየች።

«ጋሼ... ማንም እንዳይነካው ብሎ ነግሮኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ወንድሟ እጇን ይዞ አቆማት። «እኔ ሁለት ጣት ነው ያጣሁት። እሱን ግን ከነስሙ ቀበርነው። ሂጂ። አሁኑኑ ሂጂ!»

ስትደርስ ዕቃውን በጆንያ እየከተተ ነበር። ከስቷል።

«ለወንድሜ ነገርኩት። ለሁሉም እናገራለሁ! ይቅር በለኝ... አትሂድ!»

«የዚያኑ ቀን ነው ይቅር ያልኩሽ።»

«ታዲያ?»

«ሰው ይረሳል፤ መርሳትሽ አልጎዳኝም። ዛሬ ትመጣለች እያልኩ በሩን ሳይ መዋሌ ነው የጎዳኝ። እወድሻለሁ... ግን ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር ዝም ትለኛለች እያልኩ መኖር አልችልም።»

የጆንያውን አንድ ጫፍ ይዛ እስከሚሳፈርበት መኪና ሸኘችው።

ቃሏን ግን ጠበቀች። ከሆቴል ሆቴል ዞራ ጥፋቱ የሷ እንደነበር ተናገረች። አንዳንዱ አዘነላት፤ አንዳንዱ ፊቱን አዞረባት። ስትመለስ ወንድሟ በር ላይ ጠበቃት።

«ይቅር አለሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እና የታለ?»

«ሄደ።»

ወንበር ሳበላት። ተቀመጠችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።