አራተኛዋ ጭረት

«አራቱንም እግር አንስተሽ አይተሻል፣ አይደል?»

ቀጭኔ ይህን የጠየቀችው አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ በጄሶ የታሰረ ክንዷን ትራስ አስደግፋ ነው። ጥድፊያ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ መጋረጃውን ነካካች፣ ተመለሰች። ወንበሩ ላይ ያለውን መጽሐፍ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ኧረ በናትሽ ተቀመጪ! አዞርሽኝ እኮ» አለች ቀጭኔ።

ጥድፊያ የሚለውን ስም ያወጣላት የግልቢያ አሰልጣኛቸው ነው፤ አንድ ቦታ ረግታ ስለማትቆም። የቀጭኔን ስም ደግሞ ቁመቷ ነው ያወጣው። በግልቢያ ክበቡ ሦስት ዓመት አብረው ሲማሩ አንድ ፈረስ ይጋሩ ነበር። ስሙ ጋሼ ነው። በዕድሜ ሁለቱንም ይበልጣቸዋል። ገና ሲገቡ ሰላም ካላሉት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እግሩን እንዲያነሳም መለመን አለበት፤ «ጋሼ፣ እባክዎ እግርዎን» ሲሉት በረጅሙ ይተነፍስና፣ ወገቡን እንዳመመው ሽማግሌ እያመነታ ያነሳል። ካመናጨቁት ግን ያቺ እግር ከመሬት አትነቀልም።

ሐሙስ ከሰዓት ጋሼ መሰናክሉን ሊዘል ሲነሳ የኋላ እግሩ ከዳው። ደረቱ አግዳሚው እንጨት ላይ አረፈ፣ ቀጭኔ ተሽቀንጥራ ወደቀች። የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ የጋሼን የተሰበረ እግር ዳበሰች፤ ቀና ብላ አሰልጣኙን አየችው። እሱም ልጆቹን በሙሉ ኮርቻ ክፍል አስገብቶ በሩን ዘጋ። በሩ ሲከፈት ጋሼ በሐኪሟ መርፌ አርፎ ነበር፤ ላዩ ላይ ሸራ ተጥሏል።

አሰልጣኙ የጋሼን የኋላ ግራ እግር የብረት ጫማ ያገኘው ማታውኑ ነው። ከመሰናክሉ አምስት እርምጃ ወዲህ፣ ሣር ውስጥ። ከመዝለሉ በፊት ወልቆ ነበር ማለት ነው።

በክበቡ ጋላቢ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት የፈረሱን አራት እግሮች አንስቶ፣ ጫማዎቹን በእጁ ነቅንቆ ያያል። አንድ እግር ባየ ቁጥር ጋጣው በር ላይ በተሰቀለችው ሰሌዳ አንዲት ጭረት በጠመኔ ይጭራል። አራት ጭረት ካልሞላ ግልቢያ የለም። የሐሙሷ ሰሌዳ ላይ አራት ጭረት ነበር።

«አሰልጣኙ ትናንት መጥቶ ነበር» አለች ቀጭኔ። «‹ሳታዪ ነው የጫርሽው› አለኝ። ታይቷል፣ ጥብቅ ነበር አልኩት። እናቴ ፊት ‹ለውሸታም ፈረስ አልሰጥም› ብሎኝ ሄደ። በቃ፣ አስወጣኝ።»

«ያየሁት እኔ እንደሆንኩ አልነገርሽውም?»

«ምን ልበለው? ጋላቢዋ እኔ፣ ማየት የነበረብኝ እኔ። ሄልሜቴን ፍለጋ ስሮጥ ላንቺ ተውኩት። ሁለታችንም ከምንባረር አንዳችን ብንተርፍ አይሻልም? ደግሞ አንቺ አይተሻል። ብረት ነው፣ ይወልቃል።» ቀና ብላ አየቻት። «አይደል?»

የቀጭኔ እናት ሻይ ይዘው ገቡ። «ልጄ፣ ዛሬም ቆመሽ ልትውዪ ነው?»

«አይ፣ ልሄድ ነው እትዬ» አለች ጥድፊያ፤ ሻዩን ሳትቀምስ ወጣች።

ቤቷ ደጃፍ ደርሳ አለፈችው። ዞራ መጥታ እንደገና አለፈችው። ሐሙስ ከፊቷ አይጠፋም። ጋሼ ሦስቱን እግሮች ሰጥቷት ነበር። አራተኛው ላይ ቀጭኔ ከውጭ «ፍጠኚ እንጂ፣ ተራችን ሊያልፍ ነው!» ብላ ጮኸች። ጥድፊያም «አንተ፣ አንሳ!» ብላ ጭኑን በጥፊ መታችው። ጋሼ አንገቱን አዙሮ አያት፤ ክብደቱን ሁሉ እዚያች እግር ላይ አሳረፈ። «ሲመለስ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» አለች በልቧ፤ ጠመኔውን አነሳች። ቆንጆ ጭረት ነበረች። ከአራቱ ቀጥ ያለችው እሷ ነበረች።

እግሯ ጋጣው ደጅ አደረሳት። አሰልጣኙ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የጋሼን ልጓም በሳሙና ያሻል። የሚለጎምበት ፈረስ ሳይኖር።

«ዛሬ ትምህርት የለም» አለ ሳያያት።

«አራተኛዋን ጭረት የጫርኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹንም እኔ ነኝ። ቀጭኔ አይታ ሳይሆን አምናኝ ነው። የኋላ ግራውን አላነሳሁትም።»

እጁ ቆመ። ጥድፊያ መሮጥ አማራት፤ አልሮጠችም።

«ለምን እግሩን አልሰጠሽም?»

«አንተ አልኩት። መታሁትም።»

አሰልጣኙ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «እኔን አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት አስቁሞኛል። ኩሩ ሽማግሌ!» ልጓሙን አጣጥፎ አስቀመጠ። «ለቀጭኔ እናት ዛሬ እደውላለሁ፤ ልጅቷንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንቺ ግን . . .»

«አውቃለሁ» አለች፤ የክበብ ሣጥኗን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ በርጩማው አጠገብ አስቀመጠች።

ውጭ፣ አጥሩ ሥር ቁጭ አለችና ስልኳን አወጣች። ለቀጭኔ ረጅም ጻፈች፣ አጠፋች። ስለ ጥድፊያዋ፣ ስለ ጩኸቱ፣ ስለ ተራው ጻፈች፤ እሱንም አጠፋች። የቀረው ይህ ነው፦

«የኋላ ግራውን አላነሳሁትም፣ ግን ጫርኩ። ለአሰልጣኙ ነግሬዋለሁ። አንቺ አልዋሸሽም።»

ላከችው። ወዲያው ታየ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በክበቡ አጥር በኩል አለፈች። ቀጭኔ ጄሶዋን ፈትታለች። ያን ሁሉ ቁመቷን አጥፋ፣ አንዲት የማታውቃት ነጭ ፈረስ ሥር ጎንበስ ብላለች። ጥድፊያ ቆማ ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው እግር ላይ ቀጭኔ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ጠመኔውን አንስታ ጫረች።

ጥድፊያ ስልኳን ከፈተች። መልእክቷ እዚያው ነው። ከሥሩ ምንም የለም።