ዓይኑን የማይጨፍነው ልጅ

ሊያ እስክሪብቶዋን ይዛ ራጉኤልን ታየው ነበር። እሱም ያያታል። ክፍሉ ውስጥ ካሉት አርባ ስድስት ተማሪዎች ዓይናቸውን የከፈቱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሊያ የክፍሉ አለቃ ስለሆነች ተፈቅዶላታል። ለራጉኤል አልተፈቀደለትም።

«ጨፍን» አለችው፣ ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ብቻ።

ራጉኤል በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ክንዱን ሲቆነጥጥ አየችው።

የጸጥታ ሰዓት የተጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ተማሪው ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ለአምስት ደቂቃ ትንፋሹን ያዳምጣል። ጭንቀት ይቀንሳል፣ አእምሮ ያሳርፋል ተብሏል። መምህርት ተናኘወርቅም ከተማሪው ጋር አብረው ይጨፍናሉ። በሁለተኛው ቀን ከኋላ ሳቅ ተሰማ። በሦስተኛው ቀን ሊያን ከፊት አስቀመጧት።

«ዓይኑን የከፈተውን ሁሉ ጻፊ። ሦስት ጊዜ የተጻፈ ወላጅ ያመጣል።»

ረባሽ መጻፍ የአለቃ ሥራ ነው። ሊያ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ እስከዚህ እስከ ስምንተኛ ጽፋለች። ራጉኤልን ሁለት ጊዜ ጽፋዋለች። ዛሬ ሦስተኛው ነው።

አምስት ደቂቃው ሲያልቅ መምህርቷ ወረቀቱን ጠየቋት።

«በእረፍት አመጣለሁ፣ ቲቸር» አለች።

በእረፍት ራጉኤልን የውኃ ቧንቧው አጠገብ ያዘችው።

«ምን ሆነህ ነው? አምስት ደቂቃ መጨፈን ያቅትሃል?»

«ከጨፈንኩ እተኛለሁ።»

«እና?»

«እና ምን? ባለፈው ሳምንት አንኮራፍቼ ክፍሉ በሙሉ ሙድ ያዘብኝ አይደል? መድኃኔ እስከዛሬ ‹ጄኔሬተር› ነው የሚለኝ።»

ሊያ ሳቋ መጣ። ፊቱን ስታይ ተወችው።

የራጉኤል ቤት እዚሁ ፒያሳ ነበር። ከፈረሰ ወዲህ ቤተሰቡ ከከተማው ዳር ገላን ገብቷል። ሌሊት በአስር ሰዓት ተነስቶ ሁለት አውቶብስ ይቀያይራል። ሁለተኛው አራት ኪሎ ያወርደዋል፤ ከዚያ በእግሩ ነው። ለሚኒስትሪ ፈተና የቀረው ሁለት ወር ነው።

«ወላጅ ከተጠራ እናቴ ታስወጣኛለች» አለ። «አንድ ክስ ልስማ፣ እዚሁ ገላን አስገባሃለሁ ብላኛለች። ሰበብ ነው የምትፈልገው። ሰፈሩ ሄደ፤ ትምህርት ቤቱንም ልልቀቅ?»

«ለቲቸር ንገራቸዋ።»

«እንቅልፋም ነኝ ብዬ? አቦ ተይኝ! ከቻልሽ አትጻፊኝ።»

ሊያ አሰበችበት። ዛሬ ባትጽፈው ነገም ዓይኑን ይከፍታል፤ ነገም ትደብቃለች። ወደ መምህራን ክፍል ሄደች።

«ቲቸር፣ ራጉኤል ዓይኑን የሚከፍተው እንቅልፍ እንዳይወስደው ነው። በአስር ሰዓት ተነስቶ ነው የሚመጣው። በጸጥታ ሰዓት ይተኛ።»

መምህርት ተናኘወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይተኛ? ለእሱ ከፈቀድኩ ነገ ክፍሉ በሙሉ ይጋደማል።»

«እንድናርፍ አይደል የተጀመረው?»

«ሊያ!»

መምህርቷ እጃቸውን ዘረጉ።

«ወረቀቱስ?»

ሰጠቻቸው። ገልብጠው አዩት፤ በሁለቱም በኩል ባዶ ነው።

«ዓይኑን ከፍቶ ነበር፤ አልዋሽም» አለች ሊያ። «ግን አልጻፍኩም። ከእንግዲህም አልጽፍም። ሌላ አለቃ ይምረጡ።»

«ሂጂ። ነገ እንነጋገራለን።»

በማግስቱ ጠዋት ሊያ ከፊት ያለው ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። ከራጉኤል ጎን የነበረውን ተክላይን አስነስታ በቦታው ገባች።

«ምንድነው?» አለ ራጉኤል።

«ነገርኳቸው። እምቢ አሉ።»

«ሼም ነው! ማን ንገሪ አለሽ?»

«ማንም። አሁን ተኛ። ካንኮራፋህ በክርኔ እነካሃለሁ።»

«አብደሻል? ወላጅ አምጣ ቢሉኝስ?»

«እናትህን እኔ ራሴ አናግራቸዋለሁ።»

ራጉኤል ደብተሩን ከዴስኩ ላይ አነሳ።

«ጨፍኑ» አሉ መምህርት ተናኘወርቅ።

ክፍሉ ጨፈነ። ራጉኤል ትንሽ ታገለ። ከዚያ ግንባሩ ዴስኩ ላይ አረፈ፤ ትከሻው ላላ። ከውጭ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል።

መምህርቷ ዛሬ አልጨፈኑም። ባዶውን ወንበር አዩ፤ ቀጥሎ ሊያን አዩ። ወደ እነሱ መምጣት ጀመሩ። ጫማቸው ወለሉን ሲመታ ራጉኤል በእንቅልፉ ተንቀሳቀሰ።

ሊያ ዓይኗን ከመምህርቷ ላይ አላነሳችም። ቀስ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

መምህርቷ ባሉበት ቆሙ።