አርባዎቹ እናቶች

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። መዋሸት ብፈልግ ኖሮ የተሻለ ውሸት አላጣም ነበር... አይጥ ያለበት ታሪክ ማን ይፈልጋል?

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ መስኮት በሌለው የላቦራቶሪ ክፍል ውስጥ ነው የሆነው።

ሥራችንን ልንገራችሁ። አንድ ፋብሪካ ማጣበቂያ የሚያሟሟበት ፈሳሽ አለ። ይህ ፈሳሽ ፅንስ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? እሱን ለማወቅ አርባ እርጉዝ አይጦችን በአርባ ሳጥን አስቀመጥን። ለአንዳንዶቹ ፈሳሹ በብዛት ይሰጣል፣ ለአንዳንዶቹ በጥቂቱ፤ አስሩ ንጹህ ውሃ ብቻ ይጠጣሉ።

የትኛዋ ምን እንደጠጣች እኛ አናውቅም። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ዝርዝሩ ኃላፊያችን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቆጣሪ እንዳያዳላ።

ክፍሉ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። በሩ ላይ ደግሞ በትልቁ ተጽፏል። «እርጉዝ ሴት መግባት ክልክል ነው።»

እኔ የአራት ወር ተኩል እርጉዝ ነበርኩ።

ቆዩ፣ ለመሳደብ አትቸኩሉ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎብኛል። ሁለቱንም ጊዜ ለሰው ተናግሬ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» ተብዬ፣ ሳምንት ሳይሞላ ነው ያጣሁት። ስለዚህ የአሁኑን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ከባሌ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ሰፊ ጋዋን ምን ይሳነዋል! ሳይንስ ተምሬ፣ ከበሩ ጽሑፍ ይልቅ የሰው አፍ ነበር የሚያስፈራኝ። ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የዚያን ቀን አርባዎቹም ከወለዱ አራት ቀናቸው ነበር። እኔ ልጆቹን እያነሳሁ ቆጥሬ እጠራለሁ። ጋሼ ሚዛን የጠራሁትን ደግመው ጮክ ብለው ይጽፋሉ። ጋሼ ሚዛን የአይጦቹ ጠባቂ ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ሁሉን ነገር ሁለቴ ካልመዘኑ ስለማያምኑ ነው።

«ሳጥን አንድ። አስራ አንድ።»

«አስራ አንድ» አሉ።

ሁለት... ሦስት... አራት...

ሳጥን ሰባት ላይ የሆነ ነገር ጎደለኝ።

ድምፅ።

የአይጥ ልጅ ከእናቱ ሲነሳ ሲጥ ሲጥ ይላል። እነዚህ ጭጭ ብለዋል። ይተነፍሳሉ፣ ሰውነታቸው ይሞቃል... ግን ጭጭ።

ቀና አልኩ።

አርባዎቹም እናቶች ልጆቻቸውን ትተው በሁለት እግራቸው ቆመዋል። ፊታቸው ወደ እኔ ነው።

«ርቧቸው ይሆናል» አልኩ።

«አሁን በልተዋል» አሉ ጋሼ ሚዛን።

ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄድኩ። አርባው አፍንጫ ወደ ግራ ዞረ።

ወደ ቀኝ ተመለስኩ...

ዞረ።

ጋሼ ሚዛን ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። «ፊትሽን አይደለም የሚያዩት... ዝቅ ብለው ነው።»

ሁለታችንም ሆዴን አየን።

ያኔ ነው ከእምብርቴ በታች አንድ ነገር ሸርተት ያለው። የልጄ የመጀመሪያ እንቅስቃሴ! በሁለቱም እርግዝና ስጠብቀው ቀርቶብኛል። በደስታ ማልቀስ የነበረብኝ ሰው፣ ከሳጥኖቹ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ምክንያቱም ልጁ ሲንቀሳቀስ አርባዎቹ ደረቁ። ጢማቸው እንኳ ቆመ።

ልጁ ሲያቆም እነሱ ማሽተት ጀመሩ።

እንደገና ተንቀሳቀሰ... እንደገና ደረቁ።

«ስንት ወርሽ ነው?» አሉኝ።

ጋዋኔን ወደ ፊት ሳብ አደረግኩ።

«ልጄ፣ ስንት ወርሽ ነው?»

«አራት... ከምናምን።»

እስክሪብቶው ከእጃቸው ወደቀ። «ውጪ! አሁኑኑ ውጪልኝ!»

ለኃላፊያችን ሁሉንም ተናገርኩ። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መሳቢያዋን ከፍታ ዝርዝሩን አወጣች።

«ፈሳሹ አእምሯቸውን ነክቶት ይሆናል» አልኳት።

«አስሩ እኮ ውሃ ብቻ ነው የጠጡት። እነሱም ቆመው ነበር?»

«ሁሉም።»

ዝርዝሩን አጠፈችው። «ሂጂና ታዪ» አለችኝ። «ዛሬውኑ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባሌ እጄን ይዞኝ አልትራሳውንድ ክፍል ተኝቼ ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ዓይኔን ጨፍኜ እሱኑ ስጠብቅ... የልጄን የልብ ምት ሰማሁ። ፈጣን ነው፣ ጠንካራ ነው። ሐኪሙ የእጆቹን ጣቶች አንድ በአንድ አሳየን።

«ለጊዜው የሚያሰጋ ነገር አይታየኝም» አለ።

እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሐኪሙ ወጣ፣ ባሌም ታክሲ ልጥራ ብሎ ተከተለው።

ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ሚዛን ናቸው። ድምፃቸው በጭንቅ ይሰማል።

«ልጁ ደህና ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ! ልቡን ሰማሁት...»

«እንግዲያው እዚህ አትምጪ። ማንም ቢጠራሽ አትምጪ።»

«ምን ሆነ?»

እናት አይጥ ለልጆቿ ከወረቀት ቁርጥራጭ ጎጆ ትሠራለች። ብትሞት አታፈርሰውም።

«አፈረሱት» አሉኝ። «አርባዎቹም። ልጆቻቸውን ባዶ ወለል ላይ ጥለው፣ ወረቀቱን በሳጥኖቹ ሽቦ ቀዳዳ ወደ ውጭ ገፉት።»

«እሺ... ከዚያስ?»

«አንቺ ቆመሽበት የነበረው ቦታ ላይ ተከምሯል። ሳጥኖቹ አልተከፈቱም፤ ማን እንደሰበሰበው አላውቅም። ጎጆ ነው፣ ልጄ። ግን የአይጥ አይደለም... አራስ ልጅ የሚያስተኛ ነው።»

 በስልኩ የወረቀት ኮሽታ ተሰማኝ።

«ጋሼ?»

«እጄን ከተትኩበት... መሃሉ ይሞቃል። ከላዩ አሁን የተነሳ ሕፃን ያለ ይመስላል።»

ስልኩ ተቋረጠ።

እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ። ቀዝቃዛ ነው። ሐኪሙ የቀባኝ ቅባት ነው ብዬ በሶፍት ጠረግኩት። ደረቀ። አሁንም ይቀዘቅዛል። ሌላ ሶፍት አወጣሁ፣ ጠረግኩ... ሌላ... ሌላ...

ባሌ በሩን ከፍቶ አየኝ። «ታክሲው መጥቷል። ምን እያደረግሽ ነው?»

«መጣሁ» አልኩት። «ቅባቱ አልለቅ ብሎኝ ነው።»