የረቡዕ ጤነኛ ዓይን

ዶክተር ዘካርያስ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። መርዝ መርዝ የሚሸተው የሻይ ብርጭቆ ተጋድሟል፤ መጋረጃው በጠራራ ቀትር ተዘግቷል። ክንዱ ሥር በደቃቅ ፊደል የተሞላች ብጣሽ ወረቀት ነበረች። «የእናቶችንና የልጆቻቸውን የደም ናሙና አቀያይረናል፤ እኔና ናዕማ። ኀፍረቱን አልችለውም።»

ሲስተር ናዕማ ስሟን ስታይ ወደ በሩ አፈገፈገች። ሻዩን ያፈላችውም እሷ ነበረች።

ኮር ዊሊያም በተባለው ሰፈር ባለችው በዚህች ትንሽ የምርምር ክሊኒክ የሚሠሩት አራት ብቻ ነበሩ። የእናት ሥር የሰደደ የዓይን ብግነት በልጇ ዘረመል ላይ ምልክት ትቶ ያልፍ እንደሆነ ሦስት ዓመት መርምረዋል። ውጤቱ «ያልፋል» ብሎ ሊታተም ሳምንት ቀርቶታል። ደጅ አግዳሚው ላይ አንዲት እናት ዓይኑ የቀላ ልጇን ታቅፋ መልስ ትጠብቃለች።

የፖሊስ መርማሪዋ ኛዳክ፣ ጋምቤላ ያደገች ረጅም ሴት፣ የሟቹን ዓይን ገልጣ በባትሪ አየች። ብሌኑ ሰፍቶ ጥቁር ጉድጓድ መስሏል።

«መጋረጃውን ማን ዘጋው?»

«እሱ ራሱ፤ ብርሃኑ ወጋኝ ብሎ» አለች ናዕማ።

ኛዳክ ወደ ላቦራቶሪ ሠራተኛው ወደ ሙደሲር ዞረች። «አንተስ፣ ጥቁር መነጽሩ ለሽቅርቅርነት ነው?»

«የት አባቱ! ዓይኔ ቀልቶ ነው። ሰው መታው እያለ ትናንት የካስተም ገበያ ሙሉ ሲያማኝ ዋለ።»

ሁለተኛው ተመራማሪ ዶክተር ሽመክት ትዕግሥቱ አለቀ። «አምስት ቀን ካምፓላ ሰንብቼ ዛሬ ጠዋት ገባሁ። አምስት ሰዓት ላይ ሰላም ልለው ብቅ ስል አቀርቅሮ ይህችኑ ወረቀት ይጽፍ ነበር። በዓይኔ አየሁት! ይህችን ናዕማን ይዘሻት ሂጂ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ኛዳክ ሦስቱን እንግዳ መቀበያው ውስጥ አስቀመጠች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የተራ ዝርዝር ነቅላ አነበበች። «ረቡዕ፤ ጤነኛ ዓይን፤ ሙደሲር። ምንድን ነው ይህ?»

«ከታማሚዎቹ ጋር ለማነጻጸር በየረቡዑ ከእኛ የአንዳችንን ዓይን ፎቶ እናነሳለን» አለች ናዕማ። «አስቀድመን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ እንጨምራለን።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው፤ የሙደሲር ዓይን ግን ታሟል።»

«ስለዚህ ዶክተር ዘካርያስ ተተካ። አራት ሰዓት ላይ ሁለቱንም ዓይኑን ጠብ አደረግሁለት። ሙደሲር ክንዱን ይዞ ቢሮው አደረሰው።»

«ጠብታ የገባበት ሰው በቅርብ ያለውን ያነባል፣ ይጽፋል?»

«ይህን ደቃቅ ጽሑፍ? እስከ ማታ አይሞክረውም።»

ኛዳክ ዝርዝሩን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ብሌኑን ያሰፋው ሞት ሳይሆን ጠብታው ነው» አለች ኛዳክ። «ናዕማና ሙደሲር ዛሬ መጻፍ እንደማይችል ያውቃሉ። ወረቀቱን አስመስሎ የጻፈው ይህን ያላወቀ፣ ከመንገድ ገብቶ ተራው ላይ የሙደሲርን ስም ብቻ ያነበበ ሰው ነው።»

ሽመክት ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። «ጠዋት… ጠብታው ሳይገባ ጽፎት ይሆናል።»

«በአምስት ሰዓት ሲጽፍ በዓይኔ አየሁ ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር፤ ሻዩ አጠገብ የደረሱትም እርስዎ። ሲስተር፣ ሟቹ ዛሬ ምን አዞሽ ነበር?»

«የድሮዎቹን የልጆች ናሙናዎች እንደገና እንድናይ። ውጤታቸው አልጣመኝም ብሎ።»

«የፈረመባቸውስ ማን ነው?»

ናዕማ ወደ ዶክተር ሽመክት ጠቆመች። ሁሉም እሱን ያዩ ነበር።

«ናሙናዎቹን ያቀያየሩት እርስዎ ነዎት። ከላስ፣ አበቃ» አለች ኛዳክ፤ ክንዱን ያዘች።

ናዕማ ወደ ደጅ ወጣች። እናትየዋ ከአግዳሚው ተነሣች። «ሲስተር፣ ከእኔ ነው የተላለፈበት?»

ናዕማ እንደ ትናንቱ ቢሆን «አዎ» ትላት ነበር። አግዳሚው ላይ አስቀምጣት አብራት ተቀመጠችና የልጁን እጅ ያዘች።

«አናውቅም» አለች። «ገና አናውቅም።»