የሚራሶል እንቅልፍ

ደስታ ድሃ ቤት ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ነው፤ መከራ ግን በሩን ገንጥሎ ይገባል! በኢስታንሲያ ወደብ፣ ዓሣ ከሚሰጣበት ሜዳ ጀርባ፣ ክሪስፑሎ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ከሚስቱ ከፌሊሲዳድና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። ሴት ልጁ ሚራሶል ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ገበያ መሃል ስትወድቅ ሰዉ እንደ እንጨት ተገትሮ ያያል። "ምን ትገተራላችሁ? በጎኗ አስተኟት እንጂ!" ብዬ ስንቴ ጮኼባቸዋለሁ!

አባትየው ጀልባውን ሸጦ ከተማ ወሰዳት። ሐኪሞቹ ከመድኃኒቷ ሌላ የአእምሮ ልምምድ አስጀመሯት። ራሷ ላይ ሽቦ ይለጥፋሉ፤ አእምሮዋ ሲረጋ ስክሪኑ ላይ ያለችው ወፍ ከፍ ትላለች፣ ሲታወክ ትወርዳለች። ቀስ በቀስ መውደቋ ቀረ። የሕፃናት አስተማሪም ሆነች። አቤት፣ ያን ጊዜ የፌሊሲዳድን ፊት ባያችሁ!

አሰልጣኟ ስታሰናብታት ግን አጥብቃ ነግራታለች። "ያገኘሽው ጠብቀሽ ካላቆየሽው ይሸሽሻል። መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ፤ ልምምዱን ቤትሽ ሥሪ፤ አልፎ አልፎ እየመጣሽ አድሺው። ከሁሉም በላይ እንቅልፍሽን ጠብቂ፤ እንቅልፍ ካጣሽ መልሶ ይጥልሻል!"

ሚራሶል ቃሉን አከበረች። ገና ሲጨልም ስለምትተኛ ጓደኞቿ "ዶሮዋ" ይሏታል። "ዶሮስ በጊዜ ተኝታ በጊዜ ትነሳለች፤ እናንተን ግን ፀሐይም አትቀሰቅሳችሁም!" ትላቸዋለች። ዓመታት አለፉ፤ አንዴም አልወደቀች።

ከዚያ ክሪስፑሎ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ...

በእኛ ዘንድ ሬሳ እስኪቀበር ብቻውን አይተውም። ካርታ ይጫወቱ፣ ብስኩት ይብሉ፣ ብቻ የቤቱ ሰው ዓይኑን አይከድንም። ሚራሶል የመጀመሪያውን ሌሊት እንዲሁ አነጋች። በማግስቱ ከማኒላ የመጣውን ታላቅ ወንድሟን ኢሳጋኒን ለመነችው።

"ማኖንግ፣ ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ ልተኛ። ሕመሜን ታውቃለህ።"

"ጀልባውን ለማን ብሎ ነው የሸጠው፣ ኢንዳይ፣ እህቴ? ላንቺ እኮ ነው! አሁን ሬሳውን ጥለሽ ልታንኮራፊ? ሰው ምን ይለናል?"

"ድነሻል እኮ!" አሉ አክስቶቿ። "የዳነ ሰው ደግሞ ምን ይፈራል?"

ፌሊሲዳድ ታውቅ ነበር። ሐዘን አደንዝዟት ዝም አለች። ሚራሶልም ሳትተኛ ቀረች... አባቷን መውደዷን በምን ታሳይ?

በቀብሩ ቀን ማለዳ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ባሕሩ ወረደች። በሽታው እዚያው ጣላት። ጉልበት የማይደርስ ውኃ! ዓሣ አጥማጆቹ ሲያነሷት ትንፋሿ አልነበረም።

ቀብሩ ተላለፈ፤ ሁለተኛው ሳጥን ከአባቷ ጎን ተቀመጠ። አክስቶቿ ሬሳውን ለመጠበቅ ወንበራቸውን ሲያስጠጉ ፌሊሲዳድ ብድግ አለች።

"ውጡ! መብራቱንም አጥፉ። ልጄ ትተኛ!"

ኢሳጋኒ እግሯ ላይ ተደፋ። "ናናይ፣ እናቴ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት!"

እናቱ ጎንበስ አለች። ከዚያ ራሱን ወደ ጉያዋ ሳበች። "እኔስ አፌ የት ነበር፣ ልጄ? ና፣ አብረን እናልቅስ።"

ሰፈሩ ዛሬም "ዕጣዋ ነው" ይላል። የክሪስፑሎ ልብ መቆሙ ዕጣ ይባል፤ እሺ። ሚራሶልን ግን የበላት ይሉኝታ ነው! ሙት ብንተኛም ባንተኛም አይቀየመንም። ምነው ለሕያዋኑ እንዲህ ጨከንን?