የገደሉ ሥር ዓሣ

ቨርጂል ታኬት ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ከውሃ ሲያወጣ ኖሮ፣ በነሐሴ የበጋ ሙቀት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እሱን ራሱን ሁለት ፖሊሶች እየጎተቱ ከውሃ አወጡት። የተገኘው ከቶለር ሐይቅ እንደ ክንድ ተዘርግቶ በወጣው፣ ሚል ክሪክ በሚሉት በኩል ነው፤ እዚያ ውሃው ከወገብ አያልፍም፣ ሣሩም ከሥር እስከ ላይ ሞልቶታል። ጀልባው እዚያው ሣር ውስጥ ተወሽቆ ቆሟል። ሽማግሌው ከቀኝ ጆሮው በላይ ክፉኛ ተፈንክቶ ነበር።

መርማሪ ኦፓል ፍሌነር ስትደርስ ሸሪፍ ባክስተር በልቡ ፈርዶ ጨርሷል።

«በከንቱ ደከምሽ እንጂ የሚመረመር የለም» አላት ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። «ያ የምታይው የጀልባ ማቆሚያ የዴል ሜሰር ነው። ዴል ዛሬ ማለዳ የዓሣ ማጥመድ ውድድሩ ሲጀመር ከሟች ጋር ተጨቃጭቋል። ‹አንድ ቀን ከነጀልባህ አሰምጥሃለሁ› ሲለው ያልሰማ የለም። ሬሳው ደግሞ ደጃፉ ላይ ተገኘ። ምን ቀረ?»

«ዓሣው» አለች ኦፓል።

«የምን ዓሣ?»

ኦፓል ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን ጠቅልላ የሟቹ ጀልባ ላይ ወጥታ ነበር። ሃምሳውን የተሻገረች፣ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ከረሜላ አፏ ውስጥ እያገላበጠች ካልሆነ አታስብም፣ ካሰበች ደግሞ አትቸኩልም። በዚህ ሐይቅ ዳር ተወልዳ ያደገች በመሆኗ፣ የሰው ጀልባ ስታይ የሰው ጓዳ ያየች ያህል ነው የምታነበው።

ወለሉ ላይ የተዘረጋው ዘንግ አንድ ብቻ ነው። የታሰረበትን ማጥመጃ እዚያ አገር ድሮፕ ሾት ይሉታል። እርሳሱ ከክሩ ጫፍ ላይ ይታሰርና መንጠቆው ከሱ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፤ እርሳሱ መሬት ሲይዝ፣ መንጠቆው ላይ ያለው የላስቲክ ትል ከወለሉ ከፍ ብሎ ባስ የሚባለው ዓሣ አፍንጫ ሥር ይንቀጠቀጣል። የቨርጂል ትል መንጠቆው ላይ የተሰካው ከአፍንጫው ብቻ ሲሆን፣ የመንጠቆው ሹል ራቁቱን ነበር። ኦፓል ጎንበስ ብላ ስታየው ሹሉ ተጣሟል፣ አንዲት ቅንጣት አረንጓዴ ላስቲክም ተጣብቃበታለች።

ከዚያ የዓሣ ማቆያውን ገንዳ ከፈተች። የሚያስቀና ትልቅ ባስ ቀጥ ብሎ ይተነፍሳል። ከንፈሩን ይዛ አነሳችው። አፍንጫው ተልጦ ቀልቷል፣ የጅራቱ ጫፍም ተበጣጥሷል። ከጎኑ፣ ከክንፉ በስተኋላ፣ ቅርፊት የጎደለበት ቦታ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ነጥብ አለች። ኦፓል ከረሜላዋን ማገላበጥ አቆመች።

«ይኼን ገንዳ ማንም እንዳይነካ፤ ውሃውን የሚያናፍሰው ፓምፕም እንዳይጠፋ» አለች።

«እኔ አጋዘን አዳኝ ነኝ» አለ ሸሪፉ እየሳቀ። «ዓሣ የማውቀው ተጠብሶ ሲመጣልኝ ነው። ዴልን ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ እወስደዋለሁ፤ ክሱም ዛሬ ይከፈታል።»

ይኼን ስትሰማ የዴል ሚስት ሬና ከማቆሚያው ላይ ወረደች። የመውለጃዋ ወር ስለገባ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ነው የምትራመደው።

«እትዬ ኦፓል፣ ዴል ከተመለሰ ወዲህ ከዚህ ንቅንቅ አላለም! ሞተሩ እምቢ ብሎት ከማለዳው ጭቅጭቅ ወዲያ ተጎትቶ ነው የተመለሰው። ሞተሩን ሲፈታታ ነው ያረፈደው።»

«ሌላ ያየው ሰው አለ?»

«እኔ አለሁ። የሚስት ምስክርነት እንደማይቆጠር ግን ሸሪፉ ነገረኝ» አለች። «ልጄ አባቱን በእስር ቤት መስታወት በኩል ነው የሚያየው? ንገሪኝ!»

ኦፓል ቃል አልገባችላትም። በማታውቀው ነገር ቃል መግባት አትወድም፤ እጇን ብቻ ጨበጥ አድርጋላት ሄደች። 

ውድድሩ በሬሳው ምክንያት ቆሟል። ተወዳዳሪዎቹ ያመጡት ዓሣ ሳይለቀቅ፣ በየስሙ በተለየ ገንዳ ውስጥ ዓሣ የሚመዘንበት ድንኳን ሥር ተቀምጧል። የውድድሩ ዳኛ ክላይድ ሃትሜከር የማጥመጃ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ቀዝቃዛ ሻይ ይጠጣል፤ ዓይኑ ግን አንድ ቦታ አይረጋም።

«ከቨርጂል ጋር የተጣላው ዴል ብቻ ነው?» አለችው።

ክላይድ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ከሌላ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ። ባለፈው ወር እኔም ተጣልቼዋለሁ። ‹ውድድርህ ውስጥ የሚሸት ነገር አለ› አለኝ። ስም ጥራ ስለው እምቢ አለ፤ ‹መጀመሪያ በዓይኔ ልየው› አለኝ። ተናደድኩና ከሱቅ አስወጣሁት።»

«ዛሬ ማለዳ የት ነበርክ?»

«እዚሁ» አለ ቶሎ ብሎ። በጣም ቶሎ ነው ያለው፤ ኦፓል ልብ አለችው።

«ቨርጂል ዓሣ በመርፌ ይወጋ ነበር?»

«ቨርጂል?» ክላይድ ሳያስበው ሳቀ። «መርፌ የሚባል ነገር ጀልባው ላይ አያስወጣም ነበር! ‹ዓሣ የሚወጋ እጁ ይድረቅ› ነበር የሚለው። ዓሣው ከጥልቅ ወጥቶ በአየር ሲነፋበት ክንፉ ላይ ትንሽ እርሳስ አንጠልጥሎ ያሰምጠዋል እንጂ። ሌሎቻችን ሁላችንም አየሩን የምናስወጣበት መርፌ አለን።»

ድንኳኑ ሥር ሃርላን ኮል ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ያለቅሳል። ሦስት በጋ በተከታታይ አሸናፊ የሆነው ሃርላን፣ የከተማው ሰው ሁሉ የሚኮራበት ሃርላን። ቦሎኛ የሚሉት የተጠበሰ ሥጋ የገባበት ሳንድዊች አምጥተውለት ሳይነካው ደርቋል።

«ዘንግ መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ኦፓል» አላት። «አባቴ እኮ ነው። ያንን ባለጌ ልጅ ስቀሉልኝ።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ። አንተ ዛሬ የት አጠመድክ?»

«ፓይን ክንድ፣ ጥልቀት የሌለው ሣር ውስጥ። በላስቲክ እንቁራሪት፣ ውሃው ላይ እያንሸራተትኩ። ሁሉንም እዚያው ነው የያዝኳቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ምነው?»

«እንዲያው ነው» አለች ኦፓል። ስትወጣ ግን የሃርላን ገንዳ ላይ ጎንበስ ብላ ትንሽ ቆየች።

ከዚያ ክላይድን ጠርታ ጀልባህን አስነሳ አለችው። የቨርጂልን ዘንግ ይዛለች። ክላይድ ለምን እሱን እንደመረጠችው ሳይገባው፣ በጎን በጎን እያያት የሰባኪው ገደል እስከሚባለው ድረስ ወሰዳት። እዚያ ድንጋዩ ከላይ ቀጥ ብሎ ወርዶ ውሃ ውስጥም ቀጥ ብሎ ይቀጥላል፤ የድሮው ወንዝ በሥሩ ነበር የሚያልፈው። በሐይቁ ውስጥ እንደዚያ ጥልቅና ጥርት ያለ ውሃ ሌላ ቦታ የለም።

ኦፓል እርሳሱን ቀስ ብላ ለቀቀችው። ድንጋይ ሲነካ ክሩ ቁክ ይላል፣ ጭቃ ሲነካ ዝም ይላል። ጀልባው በገደሉ ሥር ቀስ እያለ ሲንሸራተት፣ ብዙ ጊዜ ቁክ፣ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ድንገት ግን እንደ ክራር ክር ነዘረ።

«ክላይድ፣ የብረት ሜንጦህን በገመድ አድርገህ ጣልልኝ።»

ከሥር የወጣውን ነገር ሲያይ ክላይድ ፊቱ አመድ መሰለ። «ይኼን… በኔ ውድድር?» አለ። ወዲያው ደግሞ ተናዘዘላት፦ «ማለዳ ሱቅ ነበርኩ ያልኩሽ ውሸት ነው። ውድድሩ ሳይጀመር ቨርጂልን ይቅርታ ልጠይቀው ቤቱ ሄጄ አጣሁት። እንዳትጠረጥሪኝ ፈርቼ ነው።»

«ጠርጥሬህማ ነበር። ስለዚህ ነው ከጎኔ ያልለየሁህ» አለችና ዕቃውን በሸራ ሸፈነችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ድንኳኑ ሥር ሰበሰበቻቸው። ዴል ካቴና እንደገባለት በፖሊስ ታጅቦ ቆመ፤ ሬና ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም። ሃርላን ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጓል። ክላይድ ማንንም አላየም። የቨርጂል ዓሣ በባልዲ መጥቶ ለብቻው ገንዳ ውስጥ ገብቷል።

«ሸሪፍ፣ አንተ ሬሳው ከተገኘበት ጀመርክ፤ እኔ ከዘንጉ ልጀምር» አለች ኦፓል። «ድሮፕ ሾት መቼና የት ነው የሚጣለው? ሃርላን፣ አንተ ሻምፒዮን ነህ፣ ንገራቸው።»

ሃርላን ትከሻውን ነቀነቀ። «የትም ይጣላል።»

«አባትህ ያልከው ሰው እንዲህ አላስተማረህም። ውሃው ሲጠልቅና ሲጠራ፣ ዓሣው ሲሰንፍ ነው። ክረምት በብርድ፣ በጋ በእንዲህ ያለ ሙቀት፣ ባስ ወደ ታች ወርዶ ወለሉ ጋ ሲተኛ፣ ከላዩ ቀጥ አድርገህ ታወርድለታለህ።»

«ሣር ውስጥስ አይጣልም?» አለ ሸሪፉ።

«ሣር ዳር የሚጥል አለ። ያኔ ግን ሹሉን ትሉ ውስጥ ይቀብረዋል፤ አለዚያ በየውርወራው ሣር ማጨድ ነው። የቨርጂል ሹል ራቁቱን ነበር። ቨርጂል ሚል ክሪክ አላጠመደም። የሞተው ሌላ ቦታ ነው፤ ወደ ዴል ደጃፍ ጎትቶ ያመጣው ሰው አለ። ዴል ገድሎት ቢሆን ሬሳውን ከጥልቅ ውሃ አውጥቶ በገዛ ደጁ ላይ ያስቀምጠው ነበር?»

ሸሪፉ ባርኔጣውን አወለቀ። «ዓሣውስ?»

ኦፓል ባሱን ከገንዳው አነሳችው። «ከጥልቅ የወጣ ዓሣ ሆዱ በአየር ተነፍቶ ይገለበጣል። ይኼ ቀጥ ብሎ ይዋኛል፤ ምክንያቱም ከጎኑ በመርፌ ተወግቶ አየሩ ወጥቷል። ቨርጂል መርፌ አይነካም። ስለዚህ የወጋው ገዳዩ ነው። ለምን? ሣር ውስጥ ተነፍቶ የተገለበጠ ዓሣ ቢገኝ፣ እኔ ብቻ ሳልሆን ይኼ ሁሉ ሕዝብ ‹ከጥልቅ ነው የመጣው› ይል ነበር።»

«ወግቶ ለምን አልለቀቀውም?» አለ ዴል ሳያስበው።

«እሱ ላይ ነው የሳተው» አለች ኦፓል። «የተወዳዳሪ እጅ ያልተመዘነ ትልቅ ዓሣ መልቀቅ አይችልበትም። ሰው ገድሎም ቢሆን አልቻለበትም።»

 ኦፓል ወደ ሃርላን ገንዳ ሄዳ አንድ ባስ አወጣች፤ አፍንጫው ተልጧል። ገለበጠችው፤ ከክንፉ በስተኋላ ያችው ቀይ ነጥብ አለች። ሁለተኛውን አወጣች። እሱም እንደዚያው።

«ሃርላን፣ እነዚህን ጥልቀት በሌለው ሣር ነው የያዝኩት ብለኸኛል። ከእንደዚያ ያለ ውሃ የወጣ ዓሣ አይነፋም። የማይነፋ ዓሣ ማን ይወጋል?»

«ልማድ ነው… እንዲያው ለጥንቃቄ…»

«አፍንጫቸውን የላጠውስ?»

ሸራውን ገለጠችው። አረንጓዴ ላስቲክ የተለበጠ የሽቦ ቀፎ ነው፤ ቅርፊት ተጣብቆበታል፣ አንዱ ጎኑ ላይም አረንጓዴው ተልጧል። ከሕዝቡ መካከል አንዱ «ወይ ጉድ!» አለ።

«በዚህ ሙቀት ላይ ላዩ ይሞቃል፤ የታሰረ ዓሣ በሕይወት የሚቆየው ቀዝቃዛው ጥልቅ ውስጥ ብቻ ነው። ከቀናት በፊት የያዝከውን በቀፎ አድርገህ ገደሉ ሥር ታሰምጣለህ፤ በውድድሩ ቀን አውጥተህ ታስመዝናለህ። ቨርጂል ሸቶት ነበር። ያንተን ስም ከመጥራቱ በፊት በዓይኑ ማየት ፈለገ፤ ይወድህ ነበርና። ዛሬ እርሳሱን እዚያ ሲያወርድ መንጠቆው ሽቦ ያዘ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ሽማግሌው ያወጣው አንተን ነው። ቀፎውን ስቦ አውጥቶ ትልቁን ዓሣ ለማስረጃ ገንዳው ውስጥ ከተተው፤ አንተም ደረስክበት።»

ሃርላን ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ። «ገፋ ነው ያደረግኩት» አለ በመጨረሻ። «ለክላይድ እነግራለሁ አለኝ። ይኼ ሁሉ ሰው ፊት… ገፋ አደረግኩት፤ ጭንቅላቱ ሞተሩን መታና ውሃ ገባ። ወዲያው ሞተ።»

«ወዲያው አልሞተም» አለች ኦፓል። «ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደውሎልኛል፤ ሳንባው ውሃ ሞልቶታል። ሲሰምጥ ቆመህ አይተሃል። ለዓሣው መርፌ ያወጣህለትን እጅ ለሰውዬው አልዘረጋህለትም።»

ሸሪፉ የዴልን ካቴና ፈትቶ ወደ ሃርላን ሄደ። ሬና በባሏ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ እሱ ሆዷ ላይ እጁን አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሃርላን ሲወስዱት ከትልቁ ባስ ገንዳ አጠገብ ቆም አለ። ከሕዝቡ ማንንም አላየም፤ ያየው ውሃው ውስጥ ያለውን ዓሣ ነበር።

«ኦፓል» አለ ዝግ ብሎ፣ «ይተርፋል?»

«ይተርፋል» አለችው። «አወጋግህ ጥሩ ነው።»